አንቱ የምንላቸው እናት ዓሣዎች

የጡረታ ፎርሜን የምትሞላው ልጅ «የሥራ መደብ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ዓሣ አዋልድ ነበር አልኳት። ፈገግ እንኳን ሳትል «አዋላጅ ነርስ» ብላ ጻፈች። እሱን ለማሳረም ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ አለቃዋ ጠሩኝና ዓሣ እውነት አዋላጅ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቁኝ። ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ መልሴን ሊሰማ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወንበር ስቤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ወረፋው ተበላሸ፣ ፎርሜ ግን ተስተካከለ።

ወደ ለቡ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሳስበው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራሁት ሥራ በአንድ መስመር አይገባም። እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ስሜ ጽጌ ነው። ያደግኩት ላፍቶ ነው፤ ያኔ ላፍቶ ጤፍ የሚዘራበት አገር ነበር። ዓሣ የማውቀው በሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ተስሎ ነው። በእንስሳት እርባታ ዲፕሎማ ይዤ ስወጣ ላም ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከለቡ አልፎ ወዳለ አንድ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ተመደብኩ። ስድስት ኩሬ፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የማይነሳ መኪና ነበረው። እናቴ የምደባ ደብዳቤውን ካነበብኩላት በኋላ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ግብርና ሚኒስቴር ገባች» አለች እንጂ ዓሣ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ጥላዬ ናቸው። የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጣቢያው ሲሠራ ኩሬዎቹን በአካፋ ለመቆፈር በቀን ሥራ ገብተው፣ የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለማየት ብለው የቆዩ፣ በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ልላቸው እጄን ስዘረጋ፣ እጄን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ወደ ቧንቧው ላኩኝ። ዓሣ የሳሙና ሽታ አይወድም፤ ቆዳው ላይ ያለችውን የምታዳልጥ ልጋግም ሳሙና ያነሳበታል። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ሽቶ ተቀብቼ አላውቅም። ባለቤቴ በሚያጨኝ ሰሞን «አንቺ የምን ሽታ ነው ያለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የአምባዛ ብዬ ነገርኩት። እሱም ዘመናዊ ሽቶ መስሎት «ደስ ይላል» አለ።

ጋሽ ጥላዬ ሁልጊዜ ጠዋት በስድስቱ ኩሬዎች ዙሪያ ይዞሩና ከየአንዳንዱ በጣታቸው ነክተው ይቀምሳሉ። «ይኼ ደህና አድሯል» ይላሉ፤ «ይኼ ታፍኗል፣ ውኃ ይቀየርለት» ይላሉ። የውኃውን አየር የሚለካ መሣሪያ ነበረን፤ ባትሪ ግን አይገዛለትም። ባትሪ በተገኘባት በአንዷ ሳምንት ለክተን ስናመሳክር ምላሳቸው ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባትሪው የጠየቀ የለም።

ሥራችን እንዲህ ነው። አምባዛ የተባለችው ዓሣ፣ ሪዛሟ ማለቴ ነው፣ ኩሬ ውስጥ ሆዷ በእንቁላል ይሞላል እንጂ አትጥልም። የምትጥለው ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ዳር ያለውን ሣር ሲያጥለቀልቅ ነው። ኩሬ አይሞላም፣ አይጎድልም፤ እሷም ክረምቱን ስትጠብቅ ዓመቱ ያልቃል። ስለዚህ ክረምት የገባ እንዲመስላት እናደርጋለን። ከሌላ ዓሣ አንጎል ሥር የምስር ክክ የማታህል እጢ ትወጣለች፤ እሷን ፈጭተን፣ በጨው ውኃ በጥብጠን፣ ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ጀርባዋ ላይ በመርፌ እንወጋታለን። ጠዋት ስንመጣ እንቁላሉ ደርሷል። ሆዷን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ሲያብሱት፣ እርጥብ ዳጉሳ የመሰለ ነገር ሳህኑ ላይ ይፈስሳል።

ጋሽ ጥላዬ ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑና አንቱ ይሏታል። «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።» መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። ወንዱን ግን አንተ ነው የሚሉት። የአምባዛ ወንድ ዘሩ ታልቦ አይወጣም፤ ታርዶ ከሆዱ ውስጥ ነው የሚወሰደው። ለምን አንቱ እንደማይሉት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«አንቱ ካልኩት ቢላ ማንሳት አልችልም» አሉኝ።

በአምስተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ አዲስ ኃላፊ መጡ። አቶ ሰይፈ ይባላሉ። ከመለዋወጫ መጋዘን ነው የተዛወሩት፤ ዓሣዎቹን በቁጥር ሊረከቡ ፈልገው ሦስት ቀን ኩሬ ዳር ቆመው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ችግሩ ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ተልከው ሳልሞንን አይተው መምጣታቸው ነው። ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው ፊልም አሳዩን።

ሳልሞን የምትባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትወለድና ወደ ባሕር ትወርዳለች። እዚያ ዓመታት ኖራ ስትጎለምስ፣ የተወለደችበትን ወንዝ በጠረኑ ለይታ ሽቅብ ትመለሳለች። መንገድ ላይ አትበላም። ፏፏቴ ትዘላለች። ስትደርስ በጭራዋ ጠጠሩን ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ይለቅበታል፣ መልሳ ጠጠር ታለብሰዋለች። ከዚያ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሾፌራችን ይህን ሁሉ መንገድ ያለ አበል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ጥላዬ አልሳቁም። ልጆቿን ታያቸው እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሰይፈ አታያቸውም አሉ። ጋሽ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ ፊልሙ መጨረሻ ጭናቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

አቶ ሰይፈ ሳልሞንን ኢትዮጵያ ማምጣት ባንችል ዘመዷን ማርባት እንችላለን አሉ። ትራውት ትባላለች፤ ደጋ ላይ ባሉ ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ ድሮ የተለቀቀች አለች። እኔና ጋሽ ጥላዬ ለአንድ ወቅት ወደዚያ ተላክን። አገሩ ብርድ ነው። ትራውት በባዶ እጅ ነው የምትታለበው፤ ጓንት ያዳልጣል። አራት እናት ካለብኩ በኋላ ጣቴ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንቁላሉ ግን ያምራል፤ የብርቱካን ቀለም ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ጨሌ ነው። አምስት ትሪ ሞላን። ትሪዎቹ ጨለማ ውስጥ፣ የሚፈስ ውኃ ሥር ይቀመጣሉ።

ጋሽ ጥላዬ የመረብ ወንፊት ሊገዙ ወደ ከተማ ሲወርዱ አንድ ነገር ብቻ ነግረውኝ ሄዱ፤ ዓይን ሳያወጣ እንዳይነካ። እንቁላሉ በመጀመሪያው ቀን ይታገሣል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ጥቁር ነጥቦች ውስጡ እስኪታዩ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ከዚያም በላይ፣ ከተንቀሳቀሰ ይሞታል።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ሰይፈ ስልክ ደወሉ። እንግዶች ይመጣሉ፣ በደንብ ይታይላቸው አሉ። እንግዶቹ መጡ፤ አሥር ያህል ናቸው። ትሪዎቹ ያሉበት ቤት ጠባብና ጨለማ ስለሆነ በሩ ላይ ተሰባስበው ምንም አይታየንም አሉ። እምቢ ማለት እችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እምቢ ማለት አልፈለግኩም። ያንን ውበት በፀሐይ ላሳያቸው ፈለግኩ፤ ያለብኩትም እኔ ነኝ። አንዱን ትሪ አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። አጨበጨቡ። ሲያጨበጭቡ ሁለተኛውን አመጣሁ። ከኋላ ያሉት ስላልታያቸው ሦስተኛውንና አራተኛውንም አመጣሁ። አንዱ እንግዳ ትሪውን አንስቶ ዘንበል እያደረገ ፎቶ ተነሣ። ሌላዋ ከዳቦ ጋር ይበላ እንደሆነ ጠየቀች።

ማታ ሳየው ምንም አልሆነም። ጠዋት ግን አራቱም ትሪ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ።

ትሪው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሽ ጥላዬ በማግስቱ ሲመጡ ደብዳቤውን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩ። ወደ ውስጥ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሁለት በርጩማና ሁለት የዶሮ ላባ ይዘው ነው። የሞተ እንቁላል ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ወደ ደህናው ይሻገራል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ መልቀም አለበት። ደብዳቤዬን አገላብጠው ጀርባው ባዶ መሆኑን አዩና፣ የለቀምነውን በመቶ በመቶው የምናሠምርበት አደረጉት። ሦስት ቀን ለቀምን። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብቻ፣ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦

«በዚያ ሰሞን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።»

ከአራቱ ትሪ የተረፈው አንድ ኩባያ አይሞላም። ያልነካሁት አምስተኛው ትሪ ግን ዓይን አወጣ፤ ተፈለፈለ። ጫጩቶቹ ሆዳቸው ላይ የቋጠሩትን ስንቅ እየጎተቱ ጠጠሩ ላይ ተንጋለሉ። ሪፖርቱ ላይ አቶ ሰይፈ የጠፋው «ባልተጠበቀ የአየር ሁኔታ» ነው ብለው ጻፉ። ያን ሰሞን አየሩ በጣም ደህና ነበር።

ወደ ለቡ ስንመለስ ጋሽ ጥላዬ «እጅሽ ይረፍ» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እንቁላል አላስነኩኝም። መኖ በተንኩ፣ የኩሬ ሣር አጨድኩ፣ እንቁራሪት አባረርኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ ግን ለሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማስገባት ጀመርኩ። አንድ የወተት ላም እርባታ ሊቀበለኝ ተስማምቶ፣ በሚቀጥለው ሰኞ መልስ እንድሰጥ ቀጠረኝ።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ ጠዋት ነው ነገሩ የሆነው። ማታ የተወጉ ሦስት ትልልቅ እናቶች ነበሩን። ጋሽ ጥላዬ ወንዱን ከገንዳ ሲያወጡ ተገላበጠባቸው። አምባዛ በጎንና በጎኑ፣ ከክንፉ ሥር፣ እንደ ወስፌ የሾለ አጥንት አለው። በቀኝ መዳፋቸው ገብቶ በእጃቸው ጀርባ ብቅ አለ። ራሳቸው ነቀሉት። እጃቸው ወዲያው እንደ ዳቦ አበጠ። ሾፌሩ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላቸው እናቶቹን አዩ። እንቁላሉ ደርሷል፤ ሰዓቱ ካለፈ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል፣ የዓመቱም ሥራ አብሮ ይሄዳል። ሌላ የሚችል ሰው የለም። እኔ ማጭድ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ጽጌ፣ እጅሽን አርጥቢ» አሉኝ።

ማጭዱን ጣልኩ። እጄን አረጠብኩ። የመጀመሪያዋን እናት አቅፌ ዓይኗን በጨርቅ ሸፈንኩ። ጋሽ ጥላዬ ሲሠሩ አይናገሩም ነበር፤ ያን ቀን ግን እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከኋላዬ ቆመው እንደ ሬዲዮ አላቋረጡም። ቀስ፤ ከደረት ጀምሪ፤ አትጭመቂ፣ አብሺ። እንቁላሉ አልመጣም። እንደገና አበስኩ፤ አልመጣም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያኔ ሳላስበው ከአፌ የወጣው «እትዬ፣ እባክዎ ይታገሡኝ» የሚል ነው። ዓሣዋ ሰምታኝ ነው አልልም። እኔ ግን ያንን ስል ትከሻዬ ወረደ፣ እጄ ለሰለሰ፣ እንቁላሉም ፈሰሰ። ሳህኑ ሞላ።

ወንዱም በእኔ እጅ ነው የታረደው። አንተ እያልኩት። ዘሩን እንቁላሉ ላይ አፍስሼ በላባ አማሰልኩ፤ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ጨመርኩ። ውኃ ሲነካው የወንዱ ዘር ይነቃል፤ የሚዋኘው ግን አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በዚያች ደቂቃ ያልተገናኘ እንደወጣ ይቀራል። ጋሽ ጥላዬ እስከ ስልሳ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ከዚያ እንቁላሉን መረቡ ላይ በተንነው፤ ተጣበቀ። ሦስቱንም እናቶች ካለብኩ በኋላ ነው ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ የተስማሙት። ነርሷ ምን ወግቷቸው እንደሆነ ስትጠይቅ «ሙሽራው» አሉ። እሷም ፖሊስ ልትጠራ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ገና ምንም የለም። እሑድ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ግን ጣቢያው ላይ ነበርኩ። መረቡ ሥር ገንዳው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ አንድ ሰረዝ ጭራ፣ በሺህ የሚቆጠር። ጋሽ ጥላዬ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መጡ። የግራ ጣታቸውን ነክረው ውኃውን ቀመሱ። «ደህና ነው» አሉ። ሰኞ ወደ ላሙ ጣቢያ አልሄድኩም።

ጋሽ ጥላዬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ገቡ። ስፍራቸው ለእኔ ተሰጠኝ። ከእሳቸው በኋላ አምስት ኃላፊ አይቻለሁ፤ አንዱ ኩሬዎቹን አበባ ሊያስተክልባቸው ፈልጎ ነበር። እኔም ከጣቢያው የወጣሁት ዙሪያው ኮንዶሚኒየም ሆኖ፣ ሰው ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሥራዬን እያየ አስተያየት መስጠት ከጀመረ በኋላ ነው።

አሁን የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ጡረታ በወጣሁ በወሩ ጎረቤቴ ደረጄ፣ የሴራሚክ ነጋዴ ነው፣ ሮጦ መጣ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚመታው አንድ ቆንጆ ኩሬ አሠርቶ፣ ለልጁ ምረቃ ሊጠብሳቸው ብሎ አሥራ ሁለት ቆሮሶ ገዝቶ ነበር። ቆሮሶ ያቺ ጠፍጣፋዋ፣ ምግብ ቤት የምትቀርበው ናት። እናትየዋ ልጆቿን እየዋጠች ነው አለኝ። ስደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ኩሬው ዳር ቆሟል፤ ደረጄ በእንጨት ሊያስተፋት ይሞክራል። እናቱ እማማ ዘነበች ብቻ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። የጣና ዳር ልጅ ናቸው፤ ያውቁታል።

እንጨቱን ተቀበልኩት። ሁሉም በሴራሚክ ካርቶኖቹ ላይ እንዲቀመጡና ጥላቸው ውኃው ላይ እንዳይወድቅ አደረግኩ። ጥቂት እንደቆየን ዓሣዋ አፏን ከፈተች፤ ልጆቿ እንደ ጭስ ቡልቅ ብለው ወጡ። አንዱ ሕፃን ሲነሣና ጥላው ሲያርፍባቸው መልሰው አፏ ውስጥ ዘው አሉ። ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ነው የምትይዘው፤ እዚያው ይፈለፈላሉ፣ እዚያው ይደበቃሉ። ደረጄ ታዲያ በምን ትበላለች አለኝ። ወደ ሁለት ሳምንት ምንም አልበላችም አልኩት። ደረጄ ብዙ ሴራሚክ የሸጠ፣ ከማንም ጋር ተከራክሮ የማይሸነፍ ሰው ነው። ካርቶኑ ላይ ሆኖ አፏን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ከዚህ ኩሬ አንድም ዓሣ አይበላም ብሎ ደነገገ። ለምረቃው በግ ታረደ።

ያልገባው ነገር ቆሮሶ በዓመት ደጋግማ እንደምትወልድ ነው። በዓመቱ ኩሬው ገንፎ ሆነ። ጣት የምታህል ዓሣ በብዛት ትርመሰመሳለች፤ ምግብ አይበቃቸውም፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አያድጉም። ደረጄ መጥቶ መፍትሔ ጠየቀኝ። ጠብሳችሁ ብሏቸው አልኩት። አይሆንም አለ። እንግዲያው አንድ አምባዛ ልጨምርልህ አልኩት። ምን ያደርግልኛል አለ። እሱ ይበላቸዋል አልኩት። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ቅዳሜ እማማ ዘነበች ጠሩኝ። ደረጄ ሱቅ ነበር። እሳቸው መረብ፣ ቢላና ትልቅ ሳፋ አዘጋጅተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጠበቁኝ።

«ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉኝ። «ቤቱ የሚችለውን ያህል ነው የሚያሳድጉት። ያዢ እዚያ።»

እኔ ለየሁ፣ እሳቸው ቀረፉ። ትልልቆቹን እናቶች ወደ ውኃው መለስኳቸው። በልጅነቱ ቢያሳፍርም በጣዕሙ የማያሳፍር ዓሣ ነበር፤ በዱቄት ተለውሶ፣ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ አንድ ትሪ ሙሉ ሆነ። ደረጄ ለምሳ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አየው፣ ወደ ኩሬው አየ፣ ወደ እኔ አየ። እናቱ በጣታቸው ወንበሩን አሳዩት። ተቀመጠ። ለብዙ ጊዜ እጁን አልዘረጋም፤ ልጆቹ ግን ትሪውን እያጋመሱት ነው። በመጨረሻ አንዷን ትንሽ ዓሣ በጭራዋ አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጎረሰ።

ሁላችንም መብላት አቁመን አየነው። ረጋ ብሎ አኘከ። ዋጠ። ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ትሪው ሰደደና ሎሚ እንዳለ ጠየቀ።